የደጁ ጠረጴዛ ሲላቀቅ ኮላ ለምን ይከሰሳል?

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለችው አጭር መንገድ በ2002 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰየመች (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2020 ወረርሽኙ የመመገቢያ አዳራሾችን ሲያዘጋ፣ ከተማው በሜይ ወር መጨረሻ «ኤል ኤ አል ፍሬስኮ» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በመላ ሎስ አንጀለስ ጠረጴዛና ወንበር ወደ እግረኛ መንገድ፣ ወደ መኪና ማቆሚያና ወደ አስፋልቱ ዳር ወጣ። ለጥቂት ወራት ተብሎ በጥድፊያ የተገጠመ እንጨት ዓመታት ከረመ፤ ከተማውም በኋላ ለደጅ መመገቢያ ቋሚ ደንብ አወጣለት። ጊዜያዊው ዕቃ ግን ቋሚ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጠረጴዛ መጋጠሚያው ላይ አፉን ሲከፍት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። «ኮላው ነው፤ ውኃ የማይበግረውን ቢጠቀሙ ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር» ይባላል። መድኃኒቱም ያው የታወቀው ነው፦ ሆም ዲፖ ሄዶ ከመደርደሪያው ላይ «ዋተርፕሩፍ» የሚለውን ማንሳት፣ ሁለት ካለ ደግሞ ውዱን። እምነቱ የፌርፋክስ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ቢሆን በር ሲያብጥ፣ የደጅ ወንበር ሲወላገድ አናጺው በመጀመሪያ የሚጠየቀው በምን ኮላ እንደሠራው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ይህንን ነው።

ለደጅ የሚሆን እንጨት ሲሠራ የኮላው ዓይነት የመጨረሻው ጥያቄ መሆን አለበት። ከእሱ በፊት ጣሪያው፣ የእንጨቱ ዓይነትና የአገጣጠሙ ዘዴ ይመጣሉ። እነዚህ በሚገባ ከተመለሱ ከኮላዎቹ መካከል የትኛውም ቢመረጥ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ኮላ ጨርሶ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቃል ምን እንደሚል ይታይ። አሜሪካ ውስጥ የእንጨት ኮላ ውኃን መቋቋሙ የሚነገረው ለኮምፔንሳቶ ከወጣ መስፈርት በመነሣት ነው። በ«ታይፕ ቱ» ፈተና ባለ ሦስት ንጣፍ ቁራጭ 4 ሰዓት ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ 19 ሰዓት በምድጃ ይደርቃል፤ ይኸው ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። «ታይፕ ዋን» ይበረታል፦ ቁራጩ 4 ሰዓት ይቀቀላል፣ 20 ሰዓት ይደርቃል፣ እንደገና 4 ሰዓት ይቀቀልና እርጥብ እንዳለ ተስቦ ጥንካሬው ይለካል። ኦሃዮ የሚገኘው ፍራንክሊን ኢንተርናሽናል የሚያመርተው «ታይትቦንድ ቱ» የመጀመሪያውን፣ ባለ አረንጓዴ መለያው «ታይትቦንድ ስሪ» ደግሞ ሁለተኛውን ፈተና ያልፋል። ያም ሆኖ አምራቹ ራሱ ሁለቱም ከውኃ ወለል በታች እንዳይውሉ፣ የሕንፃ ክብደትም እንዳይሸከሙ ያስጠነቅቃል። ገዢው ግን «ዋተርፕሩፍ» የሚለውን ቃል ካነበበ በኋላ ወደ ትናንሾቹ ፊደላት አይወርድም።

ፌርፋክስ ላይ ጠረጴዛ የሚቀቅል ማን ነው? የሎስ አንጀለስ አማካይ የዓመት ዝናብ 360 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ከኖቬምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት ይዘንባል። የአዲስ አበባው ከ1000 ሚሊሜትር ይበልጣል። ለዓመቱ አብዛኛው ክፍል ጠብታ በማይወርድበት ከተማ የውኃ ፈተናን ዋና መመዘኛ ማድረግ ለክረምት ጫማ ገዝቶ በበረሃ እንደመሄድ ነው። አውሮፓውያኑ በዚህ ረገድ ቃላቸው ጠንቀቅ ያለ ነው። «ዲ 4» ብለው ለደጅ የፈቀዱት ከፍተኛው የኮላ ደረጃ እንኳ ለዝናብና ለፀሐይ የሚጋለጠው እንጨት በቂ የገጽ መከላከያ፣ ማለትም ቀለም ወይም ቫርኒሽ፣ እንዲኖረው ይጠይቃል። ከሁሉ የላቀው ኮላ ሳይቀር ብቻውን ደጅ እንዲያድር አይፈቀድለትም ማለት ነው።

ሁለተኛው ማሳሳቻ የጥንካሬ ቁጥር ነው። ታይትቦንድ ቱ በካሬ ኢንች 3750 ፓውንድ፣ ታይትቦንድ ስሪ 4000 ፓውንድ ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ገዢው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ገንዘብ ይጨምራል። ቁጥሮቹ የተገኙት ግን ጠንካራ ሜፕል እንጨት ተጣብቆ ሲሞከር ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለግንባታ በብዛት የሚሸጠው ዳግላስ ፈር ራሱ ጭረቱን ተከትሎ የሚላቀቀው በካሬ ኢንች 1130 ፓውንድ አካባቢ ነው። ኮላው ከእንጨቱ ሦስት እጥፍ በልጦ ሳለ በ3750 እና በ4000 መካከል መከራከር ምን ይጠቅማል?

ወደ እውነተኛው ተከሳሽ እንምጣ። እንጨት ተቆርጦ፣ ተልጎ፣ ጠረጴዛ ከሆነ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። በቁመቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። በስፋቱ ግን ያብጣል፣ ይኮማተራል። ከዳግላስ ፈር ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጣብቆ የተሠራ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበታ በውስጡ ያለው እርጥበት ከ8 ከመቶ ወደ 12 ከመቶ ቢወጣ፣ በተለመደው አሰነጣጠቅ ስፋቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ከሥሩ አግድም የተቀመጠው ደገፋ ግን ጭረቱ በሌላ አቅጣጫ ስለሆነ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሁለቱ በኮላና በብሎን ተጠፍረው ከታሰሩ አንዱ መሸነፉ አይቀርም። ኮላው ደካማ ከሆነ ኮላው ይለቃል። ኮላው ብርቱ ከሆነ ገበታው መሀል ለመሀል ይሰነጠቃል። ብርቱ ኮላ የገዛው ሰው ያተረፈው ስንጥቁን ለመጠገን ቀላል ከነበረው መጋጠሚያ አንሥቶ ለመጠገን ወደሚያስቸግረው ጣውላ ማዛወር ነው።

የከተማዋ የአየር ጠባይ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። በሜይና በጁን ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው ጉም ጠዋት ጠዋት ሰማዩን ይሸፍናል፤ ነዋሪው «ጁን ግሉም» ይለዋል። በመጸው ሳንታ አና የተባለው ነፋስ ከበረሃው ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ የአየሩም እርጥበት ከ10 ከመቶ በታች የሚያሽቆለቁልበት ቀን ይመጣል። ሙቀቱም ቀላል አይደለም። በማዕከላዊ ሎስ አንጀለስ ከተመዘገበው ሁሉ የላቀው ሙቀት 45 ዲግሪ ሲሆን፣ ቀኑ ሴፕቴምበር 27፣ 2010 ነበር። በሐበሻ አቆጣጠር መስከረም 17 መሆኑ ነው፤ የመስቀል ዕለት። በእንዲህ ያለ ቀን ጥቁር ቀለም የተቀባ እንጨት ፀሐይ ሲመታው ከአየሩ እጅግ በልጦ ይግላል። ነጩም ቢጫውም የአናጺ ኮላ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ክብደት እያለበትም ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ቤት ውስጥ ባለ ሙቀት የጠጠረ ተራ ኢፖክሲም ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል መላላት ይጀምራል፤ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘችው ደግሞ ገጹ ይበላሻል። «ዋተርፕሩፍ» የሚለው ቃል ስለዚህ ሁሉ የሚነግረው ነገር የለም።

ማስረጃ የሚሻ ሰው ከፌርፋክስ ተነሥቶ ወደ ፓሳዴና ይንዳ። እዚያ ወንድማማቾቹ ቻርልስና ሄንሪ ግሪን የነደፉት፣ በ1908 የተሠራው ጋምብል ሃውስ ቆሟል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እንጨት በጥበብ ተሠርቶ የታየበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ርቆ ወጥቶ ቤቱን ዙሪያውን አጥልቶለታል፤ በጥላው ሥር ያለው እንጨት ከመቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። አርክቴክቶቹ ግን ለውበት ሲሉ የወራጆቹን ጫፍ ከጣሪያው ጠርዝ አሳልፈው ፀሐይና ዝናብ ላይ አወጡት። የበሰበሰው ያ ጫፍ ነው። በ2003 እና በ2004 በተደረገው ትልቅ እድሳት ዋናው ሥራ እነዚያን ጫፎች ማዳን ነበር። እንጨቱ ያው፣ ቤቱ ያው፣ የሠሩት እጆች ያው፤ ልዩነቱ አንዱ ከጣሪያ ሥር ማደሩ፣ ሌላው ከጣሪያ ውጭ ማደሩ ብቻ ነው።

ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ባላስፈለገ። የጎጆ ቤት ክዳን ከግድግዳው አልፎ የሚወርደው ለጌጥ ተብሎ አይደለም፤ ማገሩንና ምርጊቱን ከዝናብ ለማዳን ነው። ከላሊበላ ራቅ ብሎ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቁ ተነባብረውበታል። እንጨቱ ዛሬም አለ። ሕንፃው የቆመው በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ዝናብ አያርፍበትም፣ ፀሐይ አታገኘውም። ትግራይ ውስጥ በደብረ ዳሞም ቢሆን የእንጨቱ ሰረገላዎች ከድንጋዩ ጋር የተያዙት እርስ በርስ ተጠላልፈው ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሥራውን ዕድሜ የወሰነው ጥላውና አገጣጠሙ ነው።

ሎስ አንጀለስ ራሷ በኮላ የተገነባ እጅግ ትልቅ ነገር ወልዳለች። ሃዋርድ ሂዩዝ ከባሕር ላይ የሚነሣውን ኤች 4 አውሮፕላን ያሠራው ከፌርፋክስ ደቡብ ምዕራብ፣ ዛሬ ፕላያ ቪስታ በሚባለው ሰፈር ነው። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 97 ሜትር አልፏል፤ አካሉ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ሙጫ የጠጣ ስስ የበርች ንጣፍ ነው። ኖቬምበር 2፣ 1947 በሎንግ ቢች ወደብ አንድ ማይል ገደማ በረረ። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ገንዘብ የማይቸግረው፣ የዘመኑን ምርጥ ሙጫ የያዘው ሂዩዝ ታዲያ አውሮፕላኑን ደጅ አላቆመውም። እስከ ሞተበት እስከ 1976 ድረስ በሙቀቱና በእርጥበቱ ላይ ቁጥጥር በሚደረግበት መጠለያ አኖረው። ዛሬም ኦሪገን ውስጥ ሙዚየም ጣሪያ ሥር ነው።

ኮላ ወሳኝ ነው የሚሉት ወገኖች ያላቸው ብርቱ ምስክር ሌላ የእንጨት አውሮፕላን ነው፤ የእንግሊዞቹ ሞስኪቶ። በ1944 በህንድና አካባቢዋ የነበሩ ሞስኪቶዎች ክንፋቸው እየተነሣ ሲወድቁ የመጀመሪያው ሐሜት ኮላው ላይ አረፈ። ከወተት የሚወጣው የኬዚን ኮላ የሐሩሩን ሙቀትና ዝናብ አልቻለም ተባለ። ታሪኩ እስከ ዛሬ በአናጺዎች ዘንድ የሚነገረው በዚሁ መልክ ነው። የተላከው መርማሪ ቡድን ግን አደጋው የመጣው ኮላው ተበላሽቶ እንዳልሆነ፣ በዝናቡ ወራት እንጨቱ በመኮማተሩ እንደሆነ ጻፈ። ቀጥሎ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ጥፋቱን ፋብሪካ ውስጥ ከነበረው የተሳሳተ አሠራር ላይ ጣለው። ከተወሰዱት መፍትሔዎች አንዱም የክንፉን መጋጠሚያ ከላይ በቀጭን የኮምፔንሳቶ ጥብጣብ ሸፍኖ ውኃ እንዳይገባ ማድረግ ነበር። ለመጋጠሚያው ትንሽ ጣሪያ ተሠራለት ማለት ነው። ኬዚን ለደጅ አይሆንም፤ ይህ አያከራክርም። የሞስኪቶ መዝገብ ግን በጥሞና ሲነበብ ለኮላ ወገን የሚመሰክር አይደለም።

ከሊትል ኢትዮጵያ በስተ ሰሜን፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት፣ ዊልሸር ጎዳና ዳር የላ ብሬያ የሬንጅ ኩሬዎች አሉ። ጎብኚው የሚሄደው የማሞትና የባለ ሰይፍ ጥርስ ድመት አጥንት ለማየት ነው። ከዚያ ወፍራም ሬንጅ ጋር ረጅም ዘመን የኖሩት የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ግን አዋቂ እንጨት ሠሪዎች ነበሩ። የቶንግቫና የቹማሽ ሕዝቦች ባሕር የሚያቋርጥ የጣውላ ጀልባ ይሠሩ ነበር። ሬንጅ ከፓይን ሙጫ ጋር እያቀለጡ በጣውላዎቹ መካከል ይሞሉታል። ጣውላዎቹን አንድ ላይ የሚይዘው ግን በቀዳዳ በቀዳዳ የተሳበው ገመድ ነው። የሚያጣብቀው ነገር ክፍተት ዘጋ፤ ኃይሉን የተሸከመው ስፌቱ ነው፤ መሙያውም እየታደሰ ይኖራል። የጣና ታንኳም በበኩሉ ደንገሉን የሚያያይዘው እስራት ነው። ውኃ ላይ የሚውል ሰው በሙጫ ብቻ ተማምኖ አያውቅም።

የዛሬው ገበያ ተቃራኒውን ይሰብካል። ፖሊዩሬቴን ኮላ ከኢንዶኔዥያ የቲክ የደጅ ዕቃ ሠሪዎች ተወስዶ በ1990ዎቹ «ጎሪላ» በሚል ስም አሜሪካ ሲገባ፣ የደጅ ጥያቄ ሁሉ የተመለሰ መሰለ። ኮላው እርጥበት ሲያገኝ አረፋ አውጥቶ ያብጣል። ያልገጠመ መጋጠሚያ ሲሞላ የሚያይ ሰው ጠገነልኝ ይላል። አረፋው ግን ክፍተቱን ይሸፍናል እንጂ ሸክም አይችልም፤ የተሠራው ስህተት ከዓይን ይሰወራል። ክፍተት ሞልቶ የሚሸከመው ኢፖክሲ ነው፤ ሰፊ ክፍተት ወይም የበሰበሰ ጫፍ ሲጠገን በእሱ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ይገባዋል። ለአዲስ ጠረጴዛ ግን ኢፖክሲ ያስፈለገው አናጺ መጋዙን መልሶ ቢያነሣ ይሻለዋል።

እንጨቱም ይመረጥ። ሬድዉድና ሴዳር መሐከላቸው ብስባሽ አይደፍራቸውም፤ ሀገር ቤት ደግሞ ጥድና ወይራ በዚህ የታወቁ ናቸው። ርካሽ ነጭ ፓይን ገዝቶ ከውድ ኮላ ጋር ማዋል ገንዘብን በተሳሳተ ቦታ ማፍሰስ ነው። መጋጠሚያው ሳይነቃነቅ ጣውላው ራሱ ይበሰብሳል። ውኃ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው በተቆረጠው ጫፍ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ሊጠጣ የሚገባውም እሱ ነው። ብዙዎች የጠረጴዛውን ፊት አራት ጊዜ ይቀቡና መሬት የሚነካውን የእግሩን ጫፍ ይረሱታል።

ታዲያ ኮላ መቼ ይጠቅማል? የጠረጴዛውን እግርና አግድም አንዱን በሌላው ፈልፍሎ የሚሰካ፣ በጥንቃቄ የሚገጥም አናጺ እንዳይነቃነቅ ኮላ ይጨምርበት፤ መልካም ነው። ምርጫውን ግን ስለ ዝናብ በማሰብ አያድርግ። በ21 ዲግሪ ሙቀትና በ50 ከመቶ እርጥበት ታይትቦንድ ቱ ከተቀባ በኋላ 5 ደቂቃ፣ ታይትቦንድ ስሪ 10 ደቂቃ ገደማ ሳይደርቅ ይቆያል። ሳንታ አና ሲነፍስ ሁለቱም ያጥራሉ። ብዙ መጋጠሚያ ያለውን ወንበር ቀብቶ፣ ገጣጥሞ፣ በሞርሳ ለማሰር አምስቱ ደቂቃ ላይበቃ ይችላል፤ ገጹ የደረቀ ኮላ ደግሞ ስሙ ምንም ቢሆን አይይዝም። ባለ አረንጓዴውን ጠርሙስ ለመግዛት ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም፤ የተቀቀለው ቁራጭ ግን ለፌርፋክስ ምክንያት አይሆንም።

የጠረጴዛውን ፊት በተመለከተ ከሁሉ የሚሻለው ጨርሶ አለማጣበቅ ነው። ጣውላዎቹ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት እየተተወ ይደረደሩ፤ ዝናቡ ይውረድበት፣ እንጨቱም እንደ ልቡ ይበጥ፣ ይኮማተር። ከሥር ያለው ደገፋ በማይዝግ ብሎን ይያዝ፤ የብሎኑ ቀዳዳ ደግሞ ገበታው በሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ ሞላላ ይሁን። «ኮላ ያልገባበት ሥራ የሰነፍ ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። ሞላላ ቀዳዳ አስቦ መብሳት ግን ከጠርሙስ ከመጭመቅ ይልቅ ሙያ ይጠይቃል። አንዱ ጣውላ ሲሰነጠቅ ወይም ሲበሰብስ ያ አንዱ ተፈትቶ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። በኮላ የታሰረ ገበታ ሲበላሽ ግን አዲሱ የአናጺ ኮላ በደረቀው አሮጌ ኮላ ላይ በደንብ ስለማይዝ፣ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ መፋቅ አለበት።

የምግብ ቤት ባለቤት ለደጁ ዕቃ ሲያሠራ አናጺውን የሚጠይቀው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ጠረጴዛው ሰንሼድ ሥር ይሆናል ወይስ ፀሐይ ላይ? እግሩ ከእግረኛ መንገዱ እርጥበት በምን ይነጠላል? ገበታው በየት በኩል ይንቀሳቀሳል? ከኖቬምበሩ ዝናብ በፊት ማን ይቀባዋል? አናጺውም ሥራውን ሲያስረክብ ብሎኑን የሚፈታውን ቁልፍ አብሮ ይስጥ።